ማሊያው በሚታጠብበት ሰዓት

«እማዬ፣ ድካም ምን ዓይነት ነገር ነው?»

ኤልዳና ይህን ስትጠይቅ እየሮጠች ነበር። ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እናቷ ብዙአየሁ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ሆና ጸጉሯን ትሠራታለች። ማሊያው ልጅቷን ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይዟታል። የጭኗን ጡንቻ ጨበጥ ያደርጋል፣ ይለቃል፤ ጨበጥ ያደርጋል፣ ይለቃል። ከወገቧ በታች ዳገት እየወጣች ነው፤ ከወገቧ በላይ ሹሩባ እየተሠራች ነው።

«ሰባት ኪሎ ሜትር» አለ ማሊያው ዝግ ባለ ድምፅ።

የብዙአየሁ እጅ ጉንጉኑ ላይ ቆመ።

«ማነው ደግሞ እሱን የነገረሽ?»

«ትምህርት ቤት ነዋ። አምና በባዶ ቀን የወደቁት ልጆች ድካም ነው የያዛቸው ይላሉ። በሽታ ነው አይደል?»

«በሽታ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አንገትሽን ቀና አድርጊ፤ መስመሩ ይጣመምብኛል።»

ያን ዕለት መመለስ አልቻለችም። ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ጨፌ በር ውስጥ ድካምን እንደ ብዙአየሁ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ሦስት አይሞላም። የከለከላት የባዶ ቀን ነው።

የባዶ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው ልጆች ማሊያቸውን አውልቀው በገዛ እግራቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ማሊያ ባለበት ዘመን ልጆቹን የሚመለምለው የሥልጠና ማዕከል ይህን ፈተና ለምን እስካሁን እንዳላነሳው በግልጽ የሚያውቅ የለም። ሕጉ ግን አጭር ነው። ከጨረሱት ልጆች መካከል በማሊያ መዝገባቸው ከፍ ያሉት ሦስቱ ቆላ ወዳለው ትልቁ ማሠልጠኛ ይወሰዳሉ። ለስድስት ዓመት ነው። ወላጅ በዓመት አንድ ጊዜ ይጎበኛል። ያልጨረሰ አይሄድም። ከጨፌ በር ባለፉት ሁለት ዓመታት አንድም ልጅ አልሄደም፤ አንድም ልጅ አልጨረሰማ።

አምና ሰባት ነበሩ። ስድስት መቶ ሜትር ላይ ደረታቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ተቀመጡ። አንዱ ልቤ ልትወጣ ነው ብሎ ጮኸ። አንዷ የእናቷን ስም እየጠራች ተሰናበተቻት። ሐኪም ተጠርቶ መረመራቸው፤ ምንም አላገኘባቸውም። ሪፖርቱ ላይ «ድካም» ተብሎ ተጻፈ።

ኤልዳና መሄድ ትፈልጋለች። የማሠልጠኛውን ሥዕል ከአልጋዋ በላይ ለጥፋለች፤ መዝገቧም ከከተማው ልጆች ሁሉ ይበልጣል። የቀራት ነገር ቢኖር ሦስት ኪሎ ሜትሯን መጨረስ ነው። ብዙአየሁ ደግሞ ልጇ አንድ ጊዜ ብታስል ሁለት ጊዜ ሐኪም የምትጠራ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሷና የልጇ፣ የማሊያውም ነው። ልጇን ለማስቀረት ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። ሰኔ ሲመጣ ኤልዳናም እንደሌሎቹ ስድስት መቶ ሜትር ላይ ትቀመጣለች፤ ታለቅሳለች፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ሹሩባውን ጨረሰችላት። «አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ተጠናቋል» አለ ማሊያው። ልጅቷ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ላብ የሚባል አልነበረባትም።

ብዙአየሁ በኤልዳና ዕድሜ ሳለች፣ በ2050ዎቹ መጀመሪያ፣ ጨፌ በር ውስጥ ሰው የሚነቃው በእግር ኮቴ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሰልጣኝ ሁንዴ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ጥድ ጫካው ሥር ይቆማል። አሥራ አራት ነበሩ። ሰኞ ጫካ፣ ማክሰኞ ዳገት፣ ሐሙስ ኮረኮንች፣ ቅዳሜ ሜዳ። ረቡዕ እግራቸውን ወንዝ ውስጥ ነክረው ሲሳሳቁ ይውላሉ፤ እሱም ልምምድ ነው ይላቸው ነበር ጋሽ ሁንዴ። ክብደት የሚያነሱት ሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ በብረት ዘንግ በተያያዘ ነገር ነው። ያ ክብደት ዛሬ የብዙአየሁን የጓሮ በር ንፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዟል።

ጫካ ውስጥ የሚሮጡት በአንድ ሰልፍ ነበር። አንዱ ይመራል፤ ሌላው የፊተኛውን ተረከዝ እያየ ይከተላል። ሰልፉ ዛፎቹን እየዞረ ይጠማዘዛል። ሥር ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥም መሪው እጁን ወደ መሬት ጠቁሞ ጣቱን ጧ ያደርጋል፤ ከኋላው ያለውም ጧ፤ ከሱ ኋላ ያለውም ጧ። ድምፁ እየተቀባበለ እስከ አሥራ አራተኛው ይወርዳል። አንድ ሰው ከደከመው ሰልፉ ይመለስለታል፤ ትንሽ ያሟሙቁትና ከመሀል ያስገቡታል። ብቻውን የሚሮጥ አልነበረም። ተደብቆ ለብቻው ጫካ የገባ ሰው ከተገኘ ጋሽ ሁንዴ «ምሳህንም ጓዳ ገብተህ ነው የምትበላው?» ይለዋል፤ ሰውየው ሳምንት ሙሉ መሳቂያ ይሆናል።

ጫካው አልተከለከለም። አንድም ቀን የተከለከለ ነገር የለም። ማሊያው ሲመጣ መጀመሪያ ጎበዞቹ ለበሱት፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤቶች ለበሱት፤ ከዚያ እናቶች ለአራት ዓመት ልጆቻቸው ይጠይቁ ጀመር። ማሊያው ልብና ጡንቻውን ያሠራል፤ ድካሙን ግን ለባለቤቱ አያደርስም። በጫካ የተሮጠ ኪሎ ሜትር መዝገብ ስለማይገባ የሚሮጥ ሰው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ መንገዱን ሣር ዋጠው። የዛሬ ልጆች «ሮጥኩ» አይሉም። «ማሊያዬ ዛሬ አሥራ ሁለት ሮጠ» ነው የሚሉት። ብዙአየሁ መጀመሪያ ሰሞን ታርማቸው ነበር። ኋላ ተወችው። ኤልዳናንም ቢሆን ማሊያ ያለበሰቻት ራሷ ናት፤ የልጄ እግር እንደኔ አይላጥ ብላ።

ጋሽ ሁንዴ የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሞት ደብተሮቹን ለብዙአየሁ ተወላት። አሥራ አንድ ደብተር፣ በላስቲክ ከረጢት። ማንበብ አትችልም ነበር። በሷ ዕድሜ ብዙ ሰው አይችልም፤ ግድግዳው ያነብለታል፣ ስልኩ ያነብለታል፣ የመድኃኒት ጠርሙስ እንኳ ራሱን ያነባል። አንዱን ደብተር ገልጣ ለግድግዳው ስታሳየው በዜና አንባቢ ድምፅ «ሰኞ። ጫካ። የመጡ አሥራ አራት» አለ። ጋሽ ሁንዴ በሕይወቱ እንደዚያ ተናግሮ አያውቅም። በቁጣ አጠፋችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀበሌው አዳራሽ ሄዳ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ከአርባ በላይ። መምህራቸው ወንድይፍራው ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። እርሳሱን እንደ ዱላ ሲጨብጡት እያየ «ኧረ ቀስ! ሊያመልጣችሁ ነው እንዴ?» ይላቸዋል። ብዙአየሁ የመጀመሪያውን ሙሉ መስመር የጻፈች ቀን ጣቶቿ ዛሉ፤ አንጓዋን ጠዘጠዛት። እጇን ስታራግፍ ስንት ዓመት ያልተሰማት ነገር ተሰማትና ለብቻዋ ፈገግ አለች። ድካም ነበር።

ያን ጊዜም ቢሆን ለልጇ አልነገረቻትም።

ኤልዳና ከጠየቀች ሦስት ሳምንት ሆኗል። እሁድ ጠዋት ብዙአየሁ የልጇን ማሊያ ይዛ ሻሺቱ ዘንድ ሄደች። ሻሺቱ ከአሥራ አራቱ አንዷ ነበረች፤ አሁን ማሊያ ማጠቢያ ቤት አላት። ማሊያ እሁድና ሐሙስ ጠዋት ለሁለት ሁለት ሰዓት ይታጠባል። ሰውነት ከማሊያ ውጭ እንዲሆን የሚፈቀደው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹ በስስ ቁምጣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው፣ እግራቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ይጠብቃሉ።

«ነገርሻት?» አለች ሻሺቱ ማሊያውን እየተቀበለች።

«ምኑን?»

«ወይ ይቺ ሴትዮ! ድካም ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ ብለሽ ስትብሰለሰይ አልነበረም እንዴ?»

«እንዴት አድርጌ ልንገራት? ቃል የለውማ።»

«ቃል የለውም?» ሻሺቱ የማሽኑን ክዳን ዘግታ ሳቀች። «ዳገቱ ላይ ስታማርር አፏ የማይዘጋ ሴት፣ ዛሬ ቃል አጣች! እውነቱን ተናገሪ ብዙዬ። ልታስቀሪያት ነው።»

ብዙአየሁ ወደ ልጆቹ ዞር ብላ አየች። ኤልዳና ከመጨረሻው ጥግ ተቀምጣ የገዛ ጉልበቷን እንደ ሰው ዕቃ ትነካካለች።

«እሷም ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከኔ ጋር ነዋ! እኔ ምን ሆንኩና?»

«ቀልድሽን ተይ።»

«እሺ፣ አልቀልድም።» ሻሺቱ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ ወልጄ አላሳደግኩም፤ ሰው ልምከር አልልም። ግን ጋሽ ሁንዴ ያን ዳገት ደብቆሽ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ተቀምጠሽ የምትናፍቂው ምን ነበረሽ?»

ብዙአየሁ ልጇን አግዳሚው ላይ ትታ ወጣች። ቤት ገብታ ላስቲኩን ፈታች፤ የመጀመሪያውን ደብተር መስኮቱ ሥር አስቀምጣ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር። አንዱን ገጽ እስክትጨርስ ምሳ ሰዓት አለፈ። የጋሽ ሁንዴ ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፤ እንደ ሰውየው አንገት።

«ማክሰኞ። ዳገት። የመጡ አሥራ ሦስት። ብዙአየሁ አዲስ ናት። ከግማሽ ላይ ደከማት፤ ተቀመጠች። አላነሳኋትም። አጠገቧ ቆምኩ። ራሷ ተነሳች።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። የተቀመጠችበትን ድንጋይም ታስታውሰዋለች። እስከዛሬ ግን ጋሽ ሁንዴ ጫማውን ሊያስር የቆመ ነበር የመሰላት።

የመጨረሻውን ደብተር አነሳች። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል። «ሰኞ። ጫካ። የመጡ አራት። ሻሺቱ፣ ብዙአየሁ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች። የሄዱ አሥር።» የአሥሩ ስም በየተራ ተጽፏል። ከሥር አንድ መስመር አለ። «መድከምን ያስተማርኩት ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል። ቢሆንም።»

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ባዶ ነው። ቢሆንም ብሎ አቁሟል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ጥድ ጫካው ሥር ቆሙ። ማሊያው ማሽኑ ውስጥ እየተሽከረከረ ነው። ሻሺቱ ሱቋን ለሠራተኛዋ ትታ መጥታለች፤ ሁለት ሰው ሰልፍ አይባልም ብላ። የድሮ ጫማዋ ሶሉ ተልጦ በገመድ አስራዋለች።

ኤልዳና እግሯን አየች፤ ቀጥሎ እናቷን አየች።

«አሁን ማን ነው የሚያስጀምረኝ?»

«አንቺ» አለች ብዙአየሁ።

«እንዴት?»

«ይኸው እንዲህ ነዋ!» አለች ሻሺቱ፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ከፊት ወጣች። ኤልዳና ተከተለቻት። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የጥጃ ነበሩ። ጉልበቷ ቀድሟት ይታጠፋል፤ እጆቿ የት እንደሚሄዱ አያውቁም። ግን ጡንቻው አለ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የሮጠ ጡንቻ። ሻሺቱ ሥር ባገኘች ቁጥር ወደ መሬት እየጠቆመች ጣቷን ጧ ታደርጋለች። ልጅቷ ለሦስተኛው ሥር ሞከረችው፤ ጣቷ አልጮኸም። ለአሥረኛው ጮኸ።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ኤልዳና ቆመች። ደረቷን ያዘች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ ልሞት ነው!»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብዙአየሁ ሮጣ ልታነሳት እጇን ዘረጋች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። አጠገቧ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የከበዳት ነገር የለም።

ሻሺቱ ከላይ ተመልሳ ወረደች። «አይዞሽ ኤልዱ» አለች እያለከለከች። «ሁላችንም እዚችው ድንጋይ ላይ ነው የሞትነው። እናትሽ ደግሞ ሁለት ጊዜ።»

ልጅቷ ልታለቅስ የከፈተችው አፍ በሳቅ ተዘጋ። ትንሽ ቆየች። ትንፋሿ መጣ። ማንም ሳይነካት ተነሳች።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች። ከግንባሯ የሚንጠባጠበውን በምላሷ ቀመሰችው።

«ጨው ጨው ይላል» አለች። ቀና ብላም «ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው።»

«ይሄንን ነው የደበቃችሁብኝ?»

ተቆጥታ ነበር፤ ፊቷ ግን እንደዚያ ሲበራ ብዙአየሁ አይታው አታውቅም።

እስከ ሰኔ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ማሊያው ሲታጠብ ጫካ ገቡ። ብዙአየሁ የምታውቀውን ሁሉ ሰጠቻት፤ ቀስ ብሎ መጀመርን፣ በአፍንጫ መተንፈስን፣ የፊተኛውን ተረከዝ ማየትን፣ ለኋለኛው መጠቆምን፣ የቀረውን ተመልሶ ማምጣትን። እያንዳንዱ ሐሙስ ልጇን ወደ ማሠልጠኛው ወደሚወስዳት መኪና አንድ እርምጃ እንደሚያስጠጋት ታውቃለች። ማታ ማታ እግሯን በሞቀ ውሃ ስታሽላት ስንት ሐሙስ እንደቀረ በልቧ ትቆጥራለች። ቢሆንም አንዱንም ሐሙስ አላስቀረችም።

የባዶ ቀን ሰኔ ሃያ አንድ ዋለ። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው። መንገዱ ከሜዳው ተነሥቶ ጫካውን ዞሮ እዚያው ሜዳ ይመለሳል። ከማዕከሉ የመጣው ኪሩቤል የሚባል ወጣት ትልቅ ሰሌዳ አቁሟል፤ ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ነጥቦች ይታያሉ። ከአጠገቡ አምቡላንስ ቆሟል። ወላጆች በዣንጥላ ሥር ተሰብስበዋል።

ልጆቹ ማሊያው በለመደው ፍጥነት ፈተለኩ። ኤልዳና ከሁሉም ኋላ ቀረች።

«ያንቺ ልጅ እየተራመደች ነው እንዴ?» አለች አንዲት እናት።

ብዙአየሁ ዓይኗን ከልጇ አላነሳችም። ልጆቹ ጫካ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰሌዳው ብቻ ነው። ስምንቱ ነጥቦች እየፈጠኑ ሄዱ። ስድስት መቶ ሜትር ላይ አንዱ ቆመ። ቀጥሎ ሌላው። ሰባት መቶ ላይ ሦስቱ አንድ ላይ ቆሙ። ዘጠኝ መቶ ላይ ስምንቱም ቆመዋል። ኪሩቤል ለአምቡላንሱ ሹፌር በእጁ ምልክት ሰጠው።

ዘጠነኛው ነጥብ ዝግ ብሎ እየተጓዘ ነው። የመጀመሪያውን የቆመ ነጥብ ደረሰበት። ልጅቷ ካለፈችው ብቻዋን ትጨርሳለች። ብቻዋን ጨርሳ፣ የሷ ስም ብቻ ተጠርቶ ትሄዳለች። ሻሺቱ ክንዷን ጨበጠቻት።

ነጥቡ ቆመ።

«አለቀላት» አለ አንድ አባት። «እሷንም ያዛት።»

ብዙአየሁ በልቧ እለፊ አለች። ደግማ እለፊ አለች። ስንት ወር ልጇ እንድትቀር የተመኘች ሴት፣ አሁን እግሯን መሬት ላይ እየወዘወዘች እለፊ፣ እለፊ ትላለች። ነጥቦቹ አይነቃነቁም። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሆነ። አምቡላንሱ ሞተሩን አስነሣ።

ከዚያ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ ተንቀሳቀሱ።

ወላጆቹ ወደ ሰሌዳው ተጠጉ። ሁለቱ ነጥቦች ሦስተኛው ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ሦስት ሆነው ተነሡ። ሰባት መቶ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ስድስት ሆነው ተነሡ። ኪሩቤል ሰሌዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«የተበላሸ መሰለኝ» አለ።

«አልተበላሸም» አለች ሻሺቱ። እንባዋ እየወረደ ነበር።

ከጫካው መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ጧ። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ እየራቀ ወደ ኋላ። ሜዳው ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ዕድሜ ያላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ግን ከተቀመጡበት ተነሡ። ኤልዳና ከፊት፣ ስምንቱ በአንድ ሰልፍ ከኋላዋ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ አፋቸውን ከፍተው እየተነፈሱ ብቅ አሉ። አንዱ እያለቀሰ ይሮጣል። አንዷ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነው። ማንም ማንንም ሳይቀድም መስመሩን አለፉ።

ኪሩቤል ሰሌዳውን አየ፤ መመሪያውን አገላበጠ።

«በጣም ዘግይተዋል» አለ። «ግን ሁሉም ጨርሰዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ተመዝግቦ አያውቅም።» ኤልዳናን ጠራት። «ለምን አላለፍሻቸውም? ቀድመሽ መግባት ትችዪ ነበር እኮ።»

ኤልዳና ጥያቄው አልገባትም። «ቁጭ ብለው ነበር» አለች።

ዘጠኙም ስለጨረሱ ሦስቱ በማሊያ መዝገብ ተለዩ። ቦንቱ፣ ኢዮስያስ፣ ኤልዳና።

ከአሥር ቀን በኋላ መኪናው መጣ። ኪሩቤል የስምምነት ቅጹን ለብዙአየሁ ዘረጋላት። «እትዬ፣ ቅጹ ራሱ ያንብብልዎት፤ ከዚያ አውራ ጣትዎን ብቻ እዚህ ጋ።»

«እኔው አነበዋለሁ» አለች።

ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ብዙአየሁ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ የሌሎቹ ሁለት ልጆች ወላጆች ፈርመው ጨርሰው ይጠብቋታል። ከቅጹ ግርጌ «ወላጅ የሚጨምረው ሐሳብ» የሚል ባዶ ቦታ አገኘች።

«እሱን ማንም ሞልቶት አያውቅም» አለ ኪሩቤል። «ይዝለሉት።»

እርሳስ ጠየቀችው። ሰውየው ኪሱን ፈትሾ አጣ፤ ከሹፌሩ ተገኘ። ቀስ ብላ ጻፈች። «በሳምንት አንድ ቀን ይድከማት። ከጓደኞቿ ጋር።» ከሥሩ በአውራ ጣቷ ፈንታ ስሟን ጻፈች።

ኪሩቤል አነበበው። ቅጹን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ኤልዳና እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ያዘቻት። ማሊያዋን ለብሳለች፤ ማሊያው ሥራ ላይ ነው፣ በሁለቱ መካከል ጨበጥ ለቀቅ ይላል።

«እማዬ፣ ሻሺቱን ብቻዋን እንዳትሮጥ በያት» አለች በጆሮዋ።

«እነግራታለሁ።»

«አንቺም።»

ከሦስቱ ፊት ሆና ወደ መኪናው ሄደች። ታችኛው መወጣጫ ተሰንጥቆ ነበር። ኤልዳና ሳትዞር እጇን ወደ ስንጥቁ ጠቁማ ጣቷን ጧ አደረገች። ቦንቱም ጧ አደረገች። ኢዮስያስ የመጨረሻው ነው፤ ከኋላው ማንም የለም፤ እሱም ጧ አድርጎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የብዙአየሁ በር ተንኳኳ። ስድስት ልጆች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሻሺቱ በገመድ በታሰረ ጫማዋ።

«ማሊያቸውን በሰኞ ነው ያጠብኩላቸው» አለች። «ወላጆቻቸውን ቆሽሿል አልኳቸው። ምን ይላሉ?»

ሲመለሱ ብዙአየሁ እግሯን ሳትታጠብ የመጨረሻውን ደብተር ገለጠች። ከ«ቢሆንም» ሥር ቦታ ነበር። እጇ እስኪዝል ጻፈች።

«ሰኞ ሐምሌ 5። ጫካ። ዝናብ ነበር። የመጡ፦ ስድስት ልጆች፣ ሻሺቱ፣ እኔ። የሄዱ፦ ቦንቱ፣ ኢዮስያስ፣ ኤልዳና።»